የሰዓቱ ባለቤት ማን ነው? የመተግበሪያን ድምፅ በድምፅ ሰርቨር ከአንድ ሥርዓተ ክወና ወደ ሌላ ስለማሻገር

መግቢያ

«ይበላል» የሚለው ቃል ሲጻፍ አንድ፣ ሲነገር ግን ሁለት ነው። «በ» ላልቶ ሲነገር የሚመገበውን ሰው፣ «በ» እና «ላ» ጠብቀው ሲነገሩ ደግሞ የሚበላውን ምግብ ይመለከታል። «አለ» እና «ገና» የሚሉትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ፣ በዚህ ርእስ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ከጽሑፍ የሚያገኘው ማስረጃ የለም፤ በእጁ ያለው የድምፅ ቅጂው ብቻ ነው። በቅጂው ውስጥ የጠበቀውን ተነባቢ ከላላው የሚለየው ዋነኛ ምልክት የቆይታ ርዝመት ሲሆን፣ ልዩነቱም የሚቆጠረው በአሥሮች ሚሊሰከንድ ነው።

ቅጂው የሚገኝበትን መንገድ እንመልከት። ተናጋሪው ላፕቶፕ ፊት ተቀምጦ በማያው ላይ የሚቀርቡለትን ቃላት ያነባል። ማይክሮፎኑ ከላፕቶፑ ጋር ተያይዟል፤ ላፕቶፑም በዊንዶውስ ይሠራል። ድምፁን ተቀብሎ የሚመዘግበው መተግበሪያ ግን በሌላ ክፍል በሚገኝ፣ በሊኑክስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የኔትወርክ ገመድ ነው። ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ የመተንተኛ ፕሮግራሞቹ በአንደኛው፣ የቃላት ማቅረቢያው በሌላው ሥርዓተ ክወና ላይ የተጫኑበት የምርምር ክፍል ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይደርሳል።

ስለ ድምፅ ማሻገር የሚሰጡ መመሪያዎች ጉዳዩን ብዙውን ጊዜ የመስመር ጥያቄ አድርገው ያቀርቡታል፦ የትኛው መውጫ ከየትኛው መግቢያ ጋር ይያያዝ? የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የተለየ ነው። ድምፁ ለመስማት ብቻ ከሆነ የመስመሩ ጥያቄ ይበቃል። ድምፁ ለልኬት የሚውል ከሆነ ግን ቀዳሚው ጥያቄ፣ በዚህ መስመር ላይ ጊዜን የሚቆጥረው ማን ነው? የሚለው ነው።

ሰርቨሩ የሚሠራው ሥራ

የድምፅ ካርድ በባሕርዩ የሚቀበለው አንድ የናሙናዎች ጅረት ነው። ኦኤስኤስ ይባል በነበረው የቀድሞው የሊኑክስ የድምፅ ሥርዓት፣ በብዙ ካርዶች ላይ አንድ መተግበሪያ መሣሪያውን ከከፈተ ሌላው ተራውን መጠበቅ ነበረበት። መፍትሔው በመካከል የሚቆም አስማሚ ፕሮግራም ሆነ። ይህ ፕሮግራም ከየመተግበሪያው የሚመጣውን ጅረት ይቀበላል፣ የናሙና ፍጥነታቸውን ያስማማል፣ ይደምራቸዋል፣ ድምሩንም ለካርዱ ያስረክባል። «ይደምራቸዋል» ያልነው በዘይቤ አይደለም፤ ድምፆችን መደባለቅ ማለት ናሙና በናሙና ቁጥሮችን መደመር ነው።

በሊኑክስ ዓለም ይህ አስማሚ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ ታላላቅ የዴስክቶፕ አካባቢዎች መጀመሪያ የየራሳቸው ሰርቨር ነበራቸው፤ እነዚያን እናልፋቸዋለን። ፖል ዴቪስ ለሙዚቃ ባለሙያዎች ያዘጋጀው ጃክ ጠንካራ ሕግ ነበረው፦ ሁሉም መተግበሪያዎች በአንድ የናሙና ፍጥነትና በአንድ ሰዓት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱም ድርሻውን በተወሰነለት ጊዜ ማጠናቀቅ አለበት። ቋቱ 256 ናሙና፣ ፍጥነቱም 48000 ኸርዝ ከሆነ ይህ ጊዜ 5.33 ሚሊሰከንድ ነው። ሌናርት ፖተሪንግ በ2004 የጀመረው፣ በኋላ ፐልስኦዲዮ የተባለው ሰርቨር ደግሞ በተቃራኒው የተራውን ተጠቃሚ ምቾት አስቀደመ፤ ቋቱን አሰፋ፣ የአንጎለ ኮምፒዩተሩን እንቅልፍ አስረዘመ፣ የባትሪ ዕድሜንም ጠበቀ። በ2007 ከፌዶራ 8 ጋር ነባሪ ሰርቨር ሆኖ ወጣ። ዊም ታይማንስ የመራውና በ2017 ይፋ የሆነው ፓይፕዋየር ሁለቱን ለማስታረቅ የመጣ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ በፌዶራ 34 የፐልስኦዲዮን ቦታ ወስዷል። ለፐልስኦዲዮም ሆነ ለጃክ የተጻፉ መተግበሪያዎች ሳይሻሻሉ ይናገሩታል። ነባሪ ቅንብሩ 48000 ኸርዝ እና 1024 ናሙና ነው፤ ይኸውም 21.3 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ይህን ቁጥር አንባቢ ልብ እንዲለው እንጠይቃለን፤ በጥብቀት ጥናት ውስጥ ወሳኝ የሆነ መጠን ነው።

ዊንዶውስና ማክኦኤስ «ሰርቨር» የሚለውን ስም ብዙ አይጠቀሙበትም እንጂ ሥራው አላቸው። ዊንዶውስ እስከ ኤክስፒ ድረስ ድምፅን የሚደባልቀው በከርነሉ ውስጥ ነበር። በ2007 ለሕዝብ በቀረበው ቪስታ መደባለቁ ከከርነሉ ወጥቶ በተለየ ሂደት ውስጥ ተቀመጠ፤ ዋሳፒ የተባለው የፕሮግራም መገናኛም አብሮ መጣ። በዚህ መገናኛ መተግበሪያ ካርዱን ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ወይም ብቻውን ይዞ መሥራት ይችላል። በጋራው ሁኔታ የተለመደው የሥራ ዙር 10 ሚሊሰከንድ ነው። በማክኦኤስ ኮር ኦዲዮ ይህንኑ ይሠራል፤ ሆኖም የአንዱን መተግበሪያ ድምፅ ወደ ሌላው ለማስገባት ለብዙ ዓመታት ሳውንድፍላወርን፣ በኋላም ብላክሆልን የመሰሉ ምናባዊ ካርዶች ያስፈልጉ ነበር። የየመተግበሪያውን ድምፅ በቀጥታ ለመቅዳት የሚያስችለው የኮር ኦዲዮ መገናኛ የመጣው በማክኦኤስ 14.2 ነው።

በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ብዙ ሰው የሚመለከተው ከምቾት አንጻር ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ግን ተመሳሳይነታቸው ነው፦ ሦስቱም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አንድ ካርድን እንደ ሰዓት ወስደው፣ ሌላውን ሁሉ በእርሱ ቁጥር ያስኬዳሉ። ችግር የሚጀምረው ሁለተኛ ሰዓት ሲገባ ነው።

ሁለት ክሪስታሎች

እያንዳንዱ የድምፅ ካርድ ናሙናዎቹን የሚቆጥረው በውስጡ ባለው ክሪስታል ንዝረት ነው። ሁለት ክሪስታሎች ፍጹም እኩል አይንቀጠቀጡም። ሁለቱም «48000» ቢሉም፣ የአንዱ ሰከንድ ከሌላው ሰከንድ በትንሹ ይለያል። ልዩነቱ ከሚሊዮን 50 ነው እንበል፤ ይህ ለተራ የኮምፒዩተር ካርዶች የተጋነነ ግምት አይደለም። በእያንዳንዱ ሰከንድ የ2.4 ናሙና ብልጫ ይከማቻል ማለት ነው። ብልጫው 1024 ናሙና ለመሆን 427 ሰከንድ፣ ማለትም ሰባት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 8640 ናሙና፣ ይኸውም 0.18 ሰከንድ ይደርሳል።

ይህ ብልጫ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። የላኪው ሰዓት ከተቀባዩ ከፈጠነ፣ የተቀባዩ ቋት ሞልቶ የሚጣል ድምፅ ይኖራል። የላኪው ሰዓት ከዘገየ ደግሞ ቋቱ ባዶ ይሆንና ሰርቨሩ ክፍተቱን በዝምታ ይሞላዋል። ጣልቃ ገብነቱ አናባቢ መካከል ቢወድቅ ጆሮ ጠቅታ ይሰማል። እንደ «ተ» ወይም «ከ» ባለ ተነባቢ መዘጊያ ውስጥ ቢወድቅ ግን ማንም አይሰማውም፤ መዘጊያው ራሱ ዝምታ ነውና። በዝምታ ላይ 21 ሚሊሰከንድ ዝምታ ሲጨመር የላላው ተነባቢ ወደ ጠበቀው ይጠጋል፤ ሲቀነስ የጠበቀው ወደ ላላው ይወርዳል። ተመራማሪው ልዩነቱን በሞገዱ ሥዕል ላይ አይቶ የተናጋሪው ጠባይ አድርጎ ይመዘግበዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከላይ የተገለጸውን ዓይነት መስመር መጀመሪያ ሲዘረጋ፣ በየጥቂት ደቂቃው የምትሰማ አንዲት ጠቅታ ገጥማው ነበር። ጥፋቱን በገመዱ ላይ አሳቦ ገመድ ቀየረ፤ ከዚያም የኔትወርክ ማከፋፈያውን ቀየረ። ጠቅታዋ በእኩል ልዩነት እንደምትመለስ ያስተዋለው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲያስበው ምልክቱ ግልጽ ነበር፦ በእኩል ጊዜ የሚመለስ ስንጥቅ የሰዓት ልዩነት ነው፤ አሳሽ ሲከፈት ወይም ፋይል ሲገለበጥ የሚመጣ ስንጥቅ ግን የአንጎለ ኮምፒዩተሩ መጨናነቅ ነው። ለመጀመሪያው ቋትን ማስፋት ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስወግደውም። ለሁለተኛው ግን መፍትሔ ነው።

በዚያ መስመር ላይ ሌላም የተደበቀ ነገር ነበር። በሊኑክሱ ኮምፒዩተር ላይ ድምፁ የሚያርፈው በእውነተኛ ካርድ ላይ ሳይሆን መተግበሪያዎችን ለማገናኘት በተፈጠረ ምናባዊ መውጫ ላይ ነበር። ምናባዊ መውጫ ክሪስታል የለውም፤ ጊዜውን የሚቆጥረው በኮምፒዩተሩ አጠቃላይ የሰዓት ቆጣሪ ነው። ስለዚህ ሁለት ኮምፒዩተር ባለበት አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰዓቶች ነበሩ፦ የላፕቶፑ ካርድ፣ ምናባዊው መውጫ፣ እና ቅጂውን ለማዳመጥ የበራው የሊኑክሱ ካርድ።

እዚህ ላይ በፋይልና በሕያው ድምፅ መካከል ያለው ልዩነት መታየት አለበት። ፋይል ሲጫወት ላኪው መተግበሪያ ተቀባዩ ቦታ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ በተቀባዩ ሰዓት ይነዳል፤ የሚጠፋ ነገር የለም። ማይክሮፎን ግን አይጠብቅም። ተናጋሪው እየተናገረ ነው፤ ናሙናዎቹ በራሳቸው ክሪስታል ፍጥነት ይመጣሉ። መስመራቸውን በሙዚቃ ፋይል ፈትነው «ይሠራል» ያሉ ሰዎች በቃለ መጠይቁ ቀን የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ሦስት መንገዶች፣ እኩል ያልሆኑ

የመጀመሪያው መንገድ ሁለተኛውን ሰዓት ከመስመሩ ማስወጣት ነው፤ ማይክሮፎኑ በተሰካበት ኮምፒዩተር ላይ መቅዳትና የተጠናቀቀውን ፋይል ወደ ሌላው ማሻገር። በሚቻልበት ሁሉ ከዚህ የተሻለ የለም። ሁለተኛው ካርዶቹን በገመድ አንድ የጋራ ሰዓት እንዲከተሉ ማድረግ ነው፤ ይህ የስቱዲዮ መሣሪያ ስለሚጠይቅ አንዘገይበትም።

ሦስተኛው ተለማማጅ የናሙና ፍጥነት ማስተካከያ ነው፤ በሚገባው መጠን ያልተመሰገነውም ይህ ይመስለናል። ተቀባዩ የቋቱን ሙላት ያለማቋረጥ ይከታተላል፤ ሲሞላ ድምፁን በጥቂቱ ያጠብቀዋል፣ ሲጎድል በጥቂቱ ያሰፋዋል። አስቸጋሪው ክፍል በየዙሩ የሚዘበራረቀውን የመድረሻ ጊዜ አጣርቶ እውነተኛውን የሰዓት ልዩነት መገመት ነው። ፎንስ አድሪያንሰን በ2005 በሊኑክስ የድምፅ ጉባኤ ያቀረበው ጽሑፍ ለዚህ ማጣሪያ ቀላል የሒሳብ መልክ ሰጥቶታል፤ ፓይፕዋየርም ዛሬ ከዋናው ነጂ ካርድ ውጭ ያሉ መሣሪያዎችን የሚያስከትለው በዚሁ ዓይነት ስልት ነው። ማክኦኤስ በርካታ ካርዶች ወደ አንድ የጋራ መሣሪያ ሲጣመሩ «የመንሸራተት ማረሚያ» የሚለውን ምርጫ ያቀርባል፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

በድምፅ ጥራት ላይ ጥብቅ አቋም ያላቸው ባለሙያዎች ናሙናዎቹ መነካካታቸውን አይወዱም። ለሙዚቃ ምርት ክርክሩ ይቀጥል። ለቆይታ ልኬት ግን ሒሳቡ በአንድ ወገን ያጋድላል። ከሚሊዮን 50 የሚሆን መሳብ የ100 ሚሊሰከንድን መዘጊያ 100.005 ሚሊሰከንድ ያደርገዋል፤ ስሕተቱ 5 ማይክሮሰከንድ ነው። «ንጹሕ» የተባለው፣ ማስተካከያ የሌለው መስመር ግን ለሰባት ደቂቃ አንዲት ናሙና ሳይነካ ቆይቶ በአንድ ጊዜ 21 ሚሊሰከንድ ይቆርጣል። በመላው ቅጂ ላይ እኩል የተበተነ ኢምንት ስሕተት፣ በአንድ ቃል ላይ ከተከመረ ስሕተት ይመረጣል።

የሚጠፋው ዝምታ

ከሰዓት ልዩነት ጋር የሚመሳሰል፣ ምንጩ ግን ሌላ የሆነ ችግር በዊንዶውስ በኩል አለ። ዋሳፒ የመውጫውን ድምፅ መልሶ ለመቅዳት «ሉፕባክ» የሚባል ስልት ይሰጣል። ተመራማሪ ለተናጋሪው የቀረበለትን የድምፅ ጥያቄ ከመልሱ ጋር ለመቅዳት ሲፈልግ ይህ ምቹ ነው። ነገር ግን በዚያ መውጫ ላይ የሚያጫውት መተግበሪያ በማይኖርበት ጊዜ ሉፕባኩ ዝምታን አይልክም፤ ምንም አይልክም። የመጡለትን ጥቅሎች ብቻ እያከታተለ የሚጽፍ የመቅጃ ፕሮግራም በጥያቄዎቹ መካከል የነበረውን ጊዜ ሳያውቀው ይውጠዋል። በቅጂው ላይ ጥያቄዎቹ ተደራርበው ይገኛሉ፤ የምላሽ መዘግየትን የሚለካ ጥናት ከሆነም ውጤቱ ከጥቅም ውጭ ነው። ጠንቃቃ ፕሮግራም ከጥቅሉ ጋር የሚመጣውን የጊዜ ማኅተም አንብቦ ክፍተቱን ይሞላል። ይህን ዋስትና የማይሰጥ ፕሮግራም ለያዘ ሰው ቀላሉ ዘዴ፣ በቅጂው ጊዜ ሁሉ በዚያው መውጫ ላይ ፍጹም ዝምታ የያዘ ፋይል እያጫወቱ መቆየት ነው። ዘዴው የሚያስቅ ይመስላል፤ ይሠራል።

ተደራራቢ ሰርቨሮችና ክፍት መስመር

ሁለት ሥርዓተ ክወናዎች በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሲኖሩም ጥያቄው አይቀርም። ዊንዶውስ የሊኑክስ የመስኮት መተግበሪያዎችን በውስጡ እንዲያስኬድ ያስቻለው ደብልዩኤስኤልጂ፣ በውስጡ አንድ የፐልስኦዲዮ ሰርቨር ይዟል። የሊኑክሱ መተግበሪያ ለዚህ ሰርቨር ይናገራል፤ ሰርቨሩ ድምፁን በርቀት ዴስክቶፕ ፕሮቶኮል በኩል ለዊንዶውስ ያስተላልፋል፤ የዊንዶውስ የድምፅ ሞተርም ደባልቆ ለካርዱ ይሰጣል። በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ሰርቨሮች ተከታትለው ይቆማሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ቋትና የራሱ መዘግየት አለው። ቪዲዮ ለማየት ይበቃል። ተናጋሪው ድምፅ ሰምቶ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚመልስ ለመለካት ግን አንመርጠውም።

በኔትወርክ ሲሄድ የሚነሳ ሌላ ጉዳይ አለ። የፐልስኦዲዮ ፕሮቶኮል በተለምዶ በቲሲፒ ወደብ 4713 ይሠራል። ባለ16 ቢት ሁለት ቻናል ድምፅ በ48000 ኸርዝ ሳይታመቅ ሲላክ በሰከንድ 1.536 ሜጋቢት ይወስዳል፤ ለአካባቢ ኔትወርክ ቀላል ሸክም ነው። መግቢያውን የሚጠብቀው በሁለቱም ኮምፒዩተሮች ላይ መኖር ያለበት የ256 ባይት የምሥጢር ፋይል ነው። ይህ ግን የሚወስነው ማን እንደሚገናኝ ብቻ ነው፤ ድምፁ ራሱ በገመዱ ላይ ሳይመሰጠር ይሄዳል። ለተናጋሪው «ድምፅህን ከጥናቱ ቡድን ውጭ ማንም አይሰማውም» የሚል የፈቃድ ቅጽ አስፈርሞ፣ ድምፁን በተማሪዎች የጋራ ኔትወርክ ላይ እንዲሁ ግልጥ አድርጎ መላክ ቃልን ማጠፍ ነው። በኤስኤስኤች ዋሻ ውስጥ ማሳለፍ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

መስመሩን መፈተን

ከላይ እንዳየነው በፋይል መፈተን ያታልላል። ፈተናው በሕያው መስመር ላይ መሆን አለበት። አንድ ስልክ በየሰከንዱ አንድ አጭር ጠቅታ በራሱ ድምፅ ማውጫ እንዲያጫውት አድርጎ ማይክሮፎኑ ፊት ማስቀመጥ ይበቃል፤ በብሉቱዝ የተያያዘ ድምፅ ማጉያ ግን የራሱን ቋትና ሰዓት ስለሚያመጣ አይሆንም። መስመሩ በሙሉ እንደ ቃለ መጠይቁ ቀን ይዘርጋ፤ ቅጂው ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ይቆይ። በሰባት ደቂቃ አንዴ የሚከሠት ጥፋት በአምስት ደቂቃ ፈተና ላይታይ ይችላል።

ከዚያ በጠቅታዎቹ መካከል ያሉት ናሙናዎች ይቆጠራሉ። ስልኩም የራሱ ክሪስታል ስላለው ቁጥሩ በትክክል 48000 ላይሆን ይችላል፤ 48001 ወይም 47998 ቢሆን አያሳስብም። የሚፈለገው ጽናት ነው። ቁጥሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካልተለወጠ በመስመሩ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት አንድ ነው። በአንድና በሁለት ናሙና ወዲያና ወዲህ ቢል ተለማማጅ ማስተካከያው እየሠራ ነው። ሁሉም 48000 አካባቢ ሆነው ሳለ አንዱ በድንገት 46976 ቢሆን አንድ ቋት ተጥሏል፤ 49024 ቢሆን አንድ ቋት ዝምታ ገብቷል። ጠቅታዎቹ ደብዝዘው ወይም ጨርሰው ጠፍተው ከተገኙ ደግሞ በመስመሩ ላይ ማንም ያልጠራው የጫጫታ ማስወገጃ አለ ማለት ነውና፣ በማይክሮፎኑ ቅንብር ውስጥ ፈልጎ ማጥፋት ያስፈልጋል። በፈተናው ወቅት የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መንቀልም አይከፋም፤ አንዳንድ ሰርቨሮች አዲስ መሣሪያ ሲያዩ ጅረቱን ሳይጠይቁ ወደ እርሱ ያዛውራሉና።

ይኸው ፈተና በቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያ በኩል ቢደረግ ቁጥሮቹ ይበልጥ ተበታትነው ይገኛሉ። ይህ የድምፅ ሰርቨሩ ጥፋት አይደለም። እነዚህ መተግበሪያዎች ዘግይተው የሚደርሱ ጥቅሎችን ለመሸፈን ንግግሩን ሆን ብለው፣ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ሳይለውጡ ያፈጥኑታል ወይም ያዘገዩታል፤ የሚለጠጠውና የሚያጥረውም ራሱ የተነባቢውና የአናባቢው ቆይታ ነው። በሰርቨሩ በኩል የሚደረግ ማስተካከያ ይህን አይመልሰውም። በርቀት ያለ ተናጋሪ በሚኖርበት ጊዜ ስብሰባውን ለመነጋገሪያ ብቻ ተጠቅሞ፣ ተናጋሪው በገዛ ስልኩ ሳይታመቅ የቀዳውን ፋይል እንዲልክ መጠየቅ ይገባል።